አይዳን የምትሰሙ ካላችሁ፦ የአባትየውን ድምፅ በየትኛው ቅጂ ልስማው?

የሂርማታው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኦፔራ የሚሰማ ሰው እዚህ አገር በጣት እንደሚቆጠር አውቃለሁ። ጅማ ውስጥማ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ከተገኘ አጂፕ ጋ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ጥያቄዬ ስለ አይዳ ነው፤ የጣሊያናዊው የቨርዲ ኦፔራ። ወር ሙሉ እሷ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «ፊልም አለበት» ብሎ ሃርድ ዲስክ ሰጠኝ። ፊልሙ ብዙም አልነበረም፤ አንድ ፎልደር ሙሉ ኦፔራ ግን አለው፤ ማን እንደገለበጠበት እሱም አያውቅም። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ከያዘ መልቀቂያ የለውም፣ ሰው ከቤት አይወጣም፣ እኔም አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ስነካካ የቨርዲን አይዳ ከፈትኩ። ኢትዮጵያዊት ልዕልት መሆኗን ያወቅኩት እንኳ በሁለተኛው ቀን ነው።

ያለኝ ካራያን የመራው የ1959ኙ ቅጂ ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ሬናታ ቴባልዲ አይዳ፣ ካርሎ ቤርጎንዚ ራዳሜስ፣ ጁልዬታ ሲሚዮናቶ አምኔሪስ፣ ኦርኬስትራው የቪየና ፊልሃርሞኒክ። የቴባልዲ ድምፅ የጫካ ማር ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ችግሩ ቅጂው ዝቅ ሲል በጣም ዝቅ ይላል፣ ሲነሳ ደግሞ ጣሪያ ይነቅላል። ቆርቆሮ ስር ሆኜ ዝናብ ሲወርድ ዝቅ ያለው ክፍል ጭራሽ አይሰማም። ድምፅ ስጨምር ደግሞ ጥሩምባው ይመጣና ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል።

ዋናው ነገር ግን ሦስተኛው ገቢር ነው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ አይዳ ግብፅ ውስጥ ባሪያ ሆና ትኖራለች፣ የማን ልጅ እንደሆነች ማንም አያውቅም፣ የምትወደው ሰው የግብፅ ጦር አዛዥ ራዳሜስ ነው። አባቷ አሞናስሮ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ተማርኮ ይመጣል። ከዚያ በሌሊት አባይ ዳር ልጁን ያገኛትና የግብፅ ጦር በየት በኩል እንደሚያልፍ ከፍቅረኛሽ አውጪልኝ ይላታል። እምቢ ስትለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሞተች እናቷን ይጠራባታል። ተመልከቻት፣ እጇን አንስታ እየረገመችሽ ነው ይላታል። ከዚያ አንቺ ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ብሎ ይገፈትራታል።

እዚህ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ አቆመዋለሁ። ለእኛ ሰው የእናት እርግማን ምን ማለት እንደሆነ ቨርዲ ማን ነገረው? እኔ ባለኝ ቅጂ ኮርኔል ማክኒል ነው አባትየው። ድምፁ ትልቅ ነው፣ አልዋሽም። ግን ንጉሥ ሆኖ ይዘፍናል እንጂ አባት ሆኖ አልሰማኝ አለ። ይሄን ቦታ በደንብ የሚጫወተው የትኛው ቅጂ ነው? እግረ መንገዳችሁን ሰሞኑን ምን እየሰማችሁ እንደሆነም ንገሩኝ፤ አይዳ ባይሆንም ችግር የለም።


ጋሽ ሞኖ፦
ልጄ፣ መልሱ አጭር ነው። የ1955ቱ። ማሪያ ካላስ፣ ቲቶ ጎቢ፣ ኮንዳክተሩ ቱሊዮ ሴራፊን፣ የሚላኑ ላ ስካላ። ሌላውን ከሰማህ በኋላም ወደዚህ ነው የምትመለሰው።

ጎቢ እንደ ማክኒል የሚያንጎደጉድ ድምፅ የለውም። ቆንጆ ድምፅም ነው ብዬ አልምልልህም። ግን ቃሉን ያኝከዋል። መጀመሪያ ሲመጣ ልስልስ ብሎ፣ አገርሽን ታያለሽ፣ ያን የሚሸት ጫካ ታያለሽ እያለ ያባብላታል፤ እንዲህ የሚያባብል ሰው ኋላ ምን እንደሚያመጣ ገና ከአሁኑ ይሰማሃል። ሲረግማት ድምፁን ማንሳቱ አይደለም የሚያስፈራው፣ ፊደሉን የሚነክስበት መንገድ ነው። ካላስ ደግሞ ተሰባብራ መልስ ስትሰጠው አንድ ነጠላ ዜማ ብቻ ይቀራታል፣ አገሬ ምን ያህል አስከፈልሽኝ የምትለው ቦታ፤ እዚያ ቫዮሊኖቹ ከስር ቀስ ብለው ሲነሱ እኔ ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ መነፅሬን አወልቃለሁ።

ጉድለቱንም ልንገርህ፣ በኋላ እንዳትወቅሰኝ። «ኦ ፓትሪያ ሚያ» (አገሬ ሆይ) በሚለው የአይዳ ዘፈን ላይ ያለችው ከፍተኛ ድምፅ ካላስን ታንገዳግዳታለች። ቴባልዲን ለምዶ ለመጣ ጆሮ ይሄ ይከብዳል። ቅጂውም ሞኖ ነው፣ ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር የሚመጣ። ለአንተ ግን ሞኖው በጎ ነው እላለሁ፤ ድምፃውያኑ ፊት ለፊት ነው የተቀረፁት፣ ዝናብህ አይሸፍናቸውም።

ሰሞኑን የምሰማው እንደ ሁልጊዜው የፑቺኒን ኦፔራ ቶስካን ነው፣ የ1953ቱ፣ ካላስ፣ ዲ ስቴፋኖና ጎቢ፣ መሪው ቪክቶር ዴ ሳባታ። ሚስቴ ጎቢ የሚጫወተውን ክፉ ሰው ስትሰማ «ቶስካ ይሄን ሰውዬ መቼ ነው ወግታ የምትገላግለን» ትለኛለች። ሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ እላታለሁ። ታውቀዋለች እኮ፣ ለነገር ነው።

ሌላ የማፍርበት ሱስም አለኝ። ካላስ 1951 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ አይዳን ስትጫወት የሁለተኛው ገቢር መዝጊያ ላይ ቨርዲ ያልጻፈውን ኢ ፍላት የሚባል በጣም ከፍ ያለ ኖታ ከኦርኬስትራውም ከኮረሱም በላይ ለቀቀችው። ቀረፃው ድስት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ጥበብ ነው አልልም፣ ጉራ ነው። በሳምንት ሁለቴ እሰማዋለሁ።


መንዙማና ቨርዲ፦
ጋሽዬ እንዳይቀየሙኝ እንጂ አይዳ ማለት ሊዮንቲን ፕራይስ ናት ወላሂ። የ1961ዱ፣ ሮም ላይ የተቀረፀው፣ ሶልቲ ነው የሚመራው። ራዳሜስ ጆን ቪከርስ፣ አምኔሪስ ሪታ ጎር፣ አባትየው ሮበርት ሜሪል። ለሜሪል ብዬ አልመርጠውም፣ እሱን እቀበላለሁ። ለእሷ ብዬ ነው።

እኔ እዚሁ ጅማ መንዙማ እየሰማሁ ያደግኩ ነኝ። አያቴ ቤት ሐሙስ ማታ ሰው ይሰበሰባል፣ መሪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ይመታል። ለመጀመሪያ ጊዜ አይዳን ስሰማ የያዘኝ ትልቁ ሰልፍ አልነበረም። የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ ራዳሜስ ሰይፍ ሲቀበል ቤተ መቅደሱ ውስጥ ያለው ነው፤ አንዲት ካህን ከማትታይበት ቦታ በበገና ትዘምራለች፣ ወንዶቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀበሏታል። ሃይማኖቱ የፈጠራ ነው፣ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው፣ ማውጣትና መቀበሉ ግን የማውቀው ነገር ነው። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ፕራይስ ሚሲሲፒ ሎረል የምትባል ትንሽ ከተማ ነው የተወለደችው፣ 1927። እናቷ አዋላጅ፣ አባቷ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሠራተኛ። ጥቁርና ነጭ አብሮ በማይቀመጥበት ዘመንና አገር። ያቺ ልጅ ነች እንግዲህ በ1961 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ወጥታ በመጀመሪያ ቀኗ ሰውን ያስነሳችው። እሷ አገሬን ዳግም አላይሽም ብላ ስትዘፍን የሌላ ሰው ታሪክ የምታወራ አይመስልም። ድምፅ ይዋሻል እንዴ?

የሂርማታው፣ አንድ ነገር አድርግ። የሌሊት ፓኬጅ ግዛና የስንብት ቀኗን ቪዲዮ ፈልግ፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ነው፣ አይዳን ስትጫወት። ከ«ኦ ፓትሪያ ሚያ» በኋላ ጭብጨባው ለደቂቃዎች አያባራም። እሷ ከቦታዋ አትነቃነቅም፣ እጅ አትነሳም፣ አይዳ እንደሆነች ትቆማለች፣ ፊቷ ላይ ግን ስሜቱ ሲተናነቃት ይታያል። እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አየሁትና ጠዋት ሥራ ስገባ ዓይኔ አብጦ «ምን ሆንሽ» ተባልኩ። ምን እላለሁ? አለርጂ ነው አልኩ።


ዝም ብዬ አላፊ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሞክሬ ነበር፤ ጩኸት ነው የሆነብኝ። ሴትየዋ ትጮሃለች፣ ሰውዬው ይጮሃል፣ ሃያ ደቂቃ ይሞታሉ ግን አይሞቱም። ምን ይሻላል?


ታሪክ አንባቢ፦
ስለ ሙዚቃው ከእናንተ ጋር አልከራከርም፣ ስለ «ኢትዮጵያዊት ልዕልት» ግን ትንሽ ልጨምር።

ታሪኩን መጀመሪያ የነደፈው ኦጉስት ማሪዬት የሚባል የግብፅ ጥንታዊ ታሪክ አዋቂ ፈረንሳዊ ነው። በኦፔራው ውስጥ ጦሩ የሚያልፍበት ሸለቆ ናፓታ ይባላል። ናፓታ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው፣ የኩሽ መንግሥት ከተማ ነበር። የጥንት ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ያንን አካባቢ ሁሉ ነው። ስለዚህ አሞናስሮን የጎንደር ወይም የሸዋ ንጉሥ አድርጋችሁ እንዳታስቡት።

ግን እዚህ ላይ ካቆምን ግማሹን ነው የተናገርነው። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፁ ገዢ ከዲቭ ኢስማኢል ነው፤ ለቨርዲ 150,000 ፍራንክ ከፍሏል። የመድረኩ ዕቃና ልብሱ ፓሪስ ተሠርቶ ሳለ ከተማዋ በፕራሻ ጦር ተከበበችና እዚያው ተዘጋበት፣ በዚህ ምክንያት ዘግይቶ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ታየ። መቅደላ ከሆነ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ የአውሮፓ ጋዜጦች ስለ ቴዎድሮስ ጽፈው ጽፈው ሳይጠግቡ ነበር። ካይሮም ሚላንም አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ኢትዮጵያ» ሲባል ናፓታን ብቻ ነው ያሰበው ብትሉኝ አላምንም።

ከዚያስ? ያው ኢስማኢል በ1875 እውነተኛ ጦር ላከ። በኅዳር ወር ጉንደት ላይ የአፄ ዮሐንስ ጦር ደመሰሰው፣ አዛዡ አሬንድሩፕ የተባለ ዴንማርካዊ እዚያው ቀረ። በመጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ ሌላ ትልቅ ጦር መጣ፣ እሱም ተመታ። አይዳ ሁለተኛው ገቢር ላይ ያ ሁሉ ጥሩምባ ለግብፅ ድል ሲነፋ እኔ ሁልጊዜ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። ሰውዬው የድል ሰልፉን ቀድሞ ነው ያሠራው።

የምሰማውን ካላችሁ ሙቲ የመራውን የ1974ቱን አይዳ ነው፤ ሞንሴራት ካባዬና ዶሚንጎ። ካባዬ ድምፅን ስታሳንስ ክር ላይ የምትሄድ ነው የምትመስለው።


ጋሽ ሞኖ፦
@መንዙማና ቨርዲ፣ አልተቀየምኩም ልጄ። ፕራይስን የማይወድ ሰው ጆሮውን ይመርመር። እኔ የመለስኩት ለተጠየቀው ነው፣ የተጠየቀው ስለ አባትየው ነው።

@ዝም ብዬ አላፊ፣ አንተን የጎዱህ በአይዳ ወይም በዋግነር ያስጀመሩህ ሰዎች ናቸው። ላ ቦኤምን ሞክር። የፑቺኒ ነው፣ ካራያን 1972 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረፀው፣ ሚሬላ ፍሬኒና ፓቫሮቲ። ሁለቱም ሞዴና ከተማ በ1935 የተወለዱ ናቸው፣ እናቶቻቸው አንድ ትምባሆ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። አብሮ አደግ ናቸው ማለት ነው፣ ሲዘፍኑም ይታወቃል፣ አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል።

አሁን የምነግርህን እንዳለ አድርገው። ማታ መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ። ጅማ ካለህ ብዙ አትጠብቅም። ስልክህ ላይ ቻርጅ ይኑር። ከዚያ የመጀመሪያውን ገቢር ሁለተኛ አጋማሽ ክፈት። አንዲት ጎረቤት ሻማዋ ጠፍቶባት ሊለኮስላት በር ታንኳኳለች። ቁልፍ ይጠፋታል። የእሱም ሻማ ይጠፋል፣ ጨለማ ውስጥ መሬት እየዳበሱ ቁልፉን ሲፈልጉ እጁ እጇን ያገኛል፣ ቀዝቅዛለች። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ማንም አይጮህብህም።


ቴነር ፈላጊ፦
ሁላችሁም የድሮ ናችሁ። ስለ አዲስ ቅጂ የሚያወራ አንድ ሰው ይኑር እንጂ። ፓፓኖ የመራው የ2015ቱ አይዳ፣ ሮም ሳንታ ቼቺሊያ፣ አንያ ሃርቴሮስና ዮናስ ካውፍማን።

ለአንዲት ኖታ ብላችሁ ስሙት። ራዳሜስ ገና ሲጀምር «ቼሌስቴ አይዳ»ን ይዘፍናል፣ መጨረሻዋ ላይ ከፍ ያለ ቢ ፍላት አለች። ቨርዲ የጻፈው በጣም ቀስ ብላ እየሞተች እንድትሄድ ነው። ቴነሮቹ (ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው ወንድ ዘፋኞች) ግን ገና ጉሮሯቸው ሳይሞቅ ስለሚደርሱባት አብዛኞቹ ይጮኹባትና ሕዝቡም ያጨበጭባል፣ ነገሩ ያልቃል። ካውፍማን እንደተጻፈው ያጠፋታል። ከድሮዎቹ ፍራንኮ ኮሬሊ በ1967ቱ የሜህታ ቅጂ ላይ እንዲሁ አድርጓታል፣ ያ እንኳ ለጋሽ ሞኖ ይሁንላቸው።


ጋሽ ሞኖ፦
ኮሬሊን እቀበላለሁ። ካውፍማን ጉሮሮው ውስጥ ጋቢ የለበሰ ይመስለኛል፣ የራሴ ጆሮ ነው። ለማንኛውም የቶስካኒኒን የ1949ኙን ስማ። እዚያ ሪቻርድ ታከር ቢ ፍላቷን በሙሉ ድምፅ ይላትና የመጨረሻዎቹን ቃላት ዝቅ አድርጎ ይደግማቸዋል። ይሄን መፍትሔ ቨርዲ ራሱ ነው የፈቀደው። ቶስካኒኒ ደግሞ አይዳን ከማንም በላይ የማወቅ መብት አለው፤ 19 ዓመቱ ሳለ 1886 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ቼሎ ተጫዋች ነበር፣ መሪው ተጣልቶ ሄደ፣ ተተኪውን ሕዝቡ በጩኸት አባረረው፣ ልጁ ተነስቶ ሙሉውን ኦፔራ ወረቀት ሳያይ መራው። በዚያው መሪ ሆኖ ቀረ።


በረካ፦
የቡና አገር ሆናችሁ ሳለ ማንም ስለ ባኽ የቡና ካንታታ (ለዘፋኞችና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) አለማንሳቱ ገርሞኛል። ኦፔራ አይደለም እንዳትሉኝ፤ ባኽ ኦፔራ ባይጽፍም ለኦፔራ በጣም የቀረበው እዚህ ነው። ላይፕዚግ ዚመርማን የሚባል ቡና ቤት ነበር፣ ባኽ የሚመራው የሙዚቃ ቡድን እዚያ ይጫወታል፣ በ1730ዎቹ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ አባት ልጁን ቡና ተዪ ይላታል። እሷ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ስኒዬን ካላገኘሁ እንደደረቀ የፍየል ጥብስ እሆናለሁ ትለዋለች። ሦስት ጊዜ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማን ነገራት? ፍየሏስ? ቡናን ያገኙት የከፋ ፍየሎች ናቸው የሚለውን ተረት ጎረቤት ሆነን ስንሰማ አድገን፣ የጀርመኗ ልጅ ደግሞ ፍየሏን ጠብሳ አመጣችው።

አባትየው ልብስ እከለክልሻለሁ ይላል፣ እምቢ። ከመስኮት ማየት እከለክላለሁ፣ እምቢ። ባል አልድርሽም ሲል ቡናውን ተውኩ ትላለች። ከዚያ በጓሮ በኩል ቡና የማይከለክለኝ ባል ብቻ ነው ቤቴ የሚገባው፣ ውሉ ላይም ይጻፍልኝ ብላ ታስወራለች። እኔ የምሰማው ኤማ ከርክቢ ከሆግዉድ ጋር የቀረፀችውን ነው። ድምጿ ቀጭንና ንፁህ ነው፣ እንደ ካላስ አያስጨንቅም። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ቡናው ተቆልቶ እስኪፈላ ያልቃል።

@የሂርማታው፣ የአይዳህ አባት የረገመ ነው፣ ይሄ አባት የተሸወደ ነው። አፈራርቀህ ስማቸው።


ዝም ብዬ አላፊ፦
ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ላ ቦኤምን ሰማሁ። ቁልፉን እሱ አግኝቶት ኪሱ ይከትና እንዳላገኘ ሆኖ መፈለጉን ይቀጥላል አይደል? ጨዋታ አዋቂ ነው ሰውዬው። ቀሪውን ገና አልሰማሁም። ልጅቷ ትድናለች?


ጋሽ ሞኖ፦
ስማው።


የሂርማታው፦
ይቅርታ ዘገየሁ፣ ኔትወርክ አልነበረም። የ1955ቱን አገኘሁት፣ ሦስተኛውን ገቢር ትናንት ሰማሁት። ጋሽዬ ልክ ነዎት። ጎቢ ሲያባብላት አጎቴን መሰለኝ፤ ገንዘብ ሊበደር ሲመጣ ልክ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በዝናቡ ውስጥም ጥርት ብሎ ተሰማኝ፣ ስለ ሞኖው የነገሩኝ እውነት ነው።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ሌላ ነው። እናቴ ጓዳ ቡና ስትቆላ ነበር። እርግማኑ ጋ ሲደርስ ማንከሽከሹን አቆመችና «ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?» አለችኝ። ልጁን ነው አልኳት። «ምን አጥፍታ?» አለች። ነገርኳት። የሞተች እናቷን ጠርቶ እየረገመችሽ ነው እንደሚላት ስነግራት መቁያውን አስቀምጣ መጣች። «በሞተ ሰው ይማጠኑበታል እንጂ ልጅን ያስረግሙበታል? እናትየው ብትሰማ እሱን ነው የምትረግመው» አለች። ከዚያ ቡናው አረረ። በእኔ ተሳበበ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሳልጠይቃት «ያቺ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችኝ። ራዳሜስ ከነሕይወቱ መቃብር ውስጥ እንደሚዘጋበት፣ ልጅቷም ቀድማ ገብታ እንደምትጠብቀው አልነገርኳትም። ነገ ቅዳሜ ነው፣ አብረን እንሰማዋለን ብያታለሁ። ለአራተኛው ገቢር የማንን ልክፈትላት? የካላስን ወይስ የፕራይስን?


መንዙማና ቨርዲ፦
የፕራይስንና የቪከርስን። ግን ቶሎ አትክፈትባት፣ መጀመሪያ በረካውን ጠጥታ ትጨርስ።